ኒው ላናርክም ትነሳ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ፋብሪካ ዘመን ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ማንችስተር ነው። እስቲ ስኮትላንድ ያለችውን ኒው ላናርክንም አንሷት። መንደሯ ክላይድ ወንዝ ዳር፣ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ተሸጉጣለች። የጥጥ ፋብሪካዋን የመሠረተው ዴቪድ ዴል ቦታውን የመረጠው ለውበቱ አልነበረም። ወንዙ እዚያ በፏፏቴ እየተንደረደረ ይወርዳል፤ ኮራ ሊን የሚባለው ብቻ 26 ሜትር ገደማ ነው። የጥጥ መፍተያዎቹን ያሽከረከረው ያ ጉልበት ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን በኋላ ፋብሪካውን ያስተዳደረው የዴል አማች (የልጁ ባል) ሮበርት ኦወን ነው። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ከሥራ አስወጥቶ በ1816 (እ.ኤ.አ.) ትምህርት ቤት ከፈተላቸው። ዳንስና ሙዚቃ ሳይቀር ይማሩ ነበር። ቅዱስ እንዳይመስላችሁ ታዲያ፤ ትርፉንም አልጠላም። ፋብሪካው በ1968 (እ.ኤ.አ.) ቢዘጋም በድንጋይ ቤቶቹ ውስጥ ዛሬም ሰው ይኖራል።

ከአንባቢያችሁ አንዱ