ያ የትም የማያደርሰው ደረጃ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትናንት በስልክ «አባዬ፣ ፋሺስትና ናዚ አንድ አይደሉም እንዴ?» ስትዪኝ ካርዴ አለቀብኝ። በጽሑፍ ልመልስልሽ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስድስት ኪሎ ግቢ፣ ሙዚየሙ ፊት ለፊት ያለውን ጠምዛዛ ደረጃ ታስታውሻለሽ? ትንሽ ልጅ ሆነሽ «ይሄ የት ያደርሳል?» ብለሽኝ ነበር። የትም አያደርስም። ጣልያን ነው የሠራው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 ጀምሮ ያለፈ አንድ ዓመት ነው። ዘመን ከእኔ ይቆጠር ማለቱ እኮ ነው! የፋሺዝም ጣዖት መንግሥት ነው። ሁሉ በመንግሥት ውስጥ፣ ከመንግሥት ውጭ ምንም የለም ይል ነበር ሰውዬው።

የናዚ ጣዖት ደም ነው። ለሂትለር መንግሥት መሣሪያ ብቻ ነው፤ «አርያን» የሚለውን ዘር መጠበቂያ። ፓርቲው ገና በ1920 ባወጣው ፕሮግራም አይሁዳዊ ጀርመናዊ ሊሆን አይችልም ብሏል። ጣልያን ውስጥ ግን የፋሺስት ፓርቲ አባል የሆኑ አይሁዶች ነበሩ። በ1938 የዘር ሕግ ወጣና እነሱም ተባረሩ።

ሁለቱ መጀመሪያ ላይ አይዋደዱም ነበር። በኦስትሪያ ጉዳይ ተቃቅረው ስለነበር ሂትለር በጣልያን ወረራ ዋዜማ ለእኛ በድብቅ መሣሪያ ልኮልናል። ጉድ አይደል? ለእኛ አዝኖ እንዳይመስልሽ፤ ሙሶሊኒ እዚህ ተጠምዶ እንዲቆይለት ነው።

ታዲያ «ፋሺዝም እንኳ ይሻላል» የሚል ካጋጠመሽ ወደ እኛ ላኪው። የመርዝ ጋዙን ታውቂዋለሽ። የካቲት 12ን አያትሽ ነግረውሻል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነው፤ በዚያው በ1937 ጣልያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ሕግ አወጡ። የአይሁዶቹ ሕግ ከመውጣቱ አንድ ዓመት በፊት ማለት ነው። የደሙን ነገር ከሂትለር ብቻ ተማሩት የሚሉትን ለዚህ ነው የማልቀበላቸው። እዚሁ እኛ ላይ ጀምረውት ነበር።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ደረጃውን አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ ትንሽ አንበሳ አስቀመጡበት። ለክረምት ስትመጪ አብረን እንሄዳለን። እርከኖቹን አንቺ ትቆጥሪልኛለሽ፤ የእኔ ዓይን ደክሟል።

አባትሽ