የበረራ ደህንነት ኢንስፔክተር ቅጥር ከማስታወቂያው ይጀምራል

ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የኢንስፔክተሮች የቅጥር ማስታወቂያ፣ የማስረጃ ማጣራትና የፈተና አሰጣጥ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

የተከበሩ ዋና ዳይሬክተር፣

በአውሮፕላን ጥገና፣ በበረራና በኤርፖርት ሥራ ውስጥ ያለን የሰሜን ሸዋ ተወላጆች ነን። ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማና ከሸዋ ሮቢት ወጣቶች «ኢንስፔክተር ለመሆን ምን ላሟላ?» ብለው ይጠይቁናል። ኢንስፔክተርነት አንድ ሥራ ስላልሆነ መልሱም አንድ አይደለም። ስለዚህ የሚወጣው የሥራ ማስታወቂያ የትኛውን ኢንስፔክተር እንደሚፈልግና ብቃቱን በምን ማስረጃ እንደሚያይ ለይቶ እንዲናገር እንጠይቃለን።

የበረራ ኦፕሬሽን ኢንስፔክተር ኮክፒት ውስጥ ተቀምጦ ካፒቴን ይመዝናል። የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ውል በሆነው በቺካጎ ስምምነት፣ ስለ ሙያ ፈቃድ በሚደነግገው አባሪ 1 መሠረት የአየር መንገድ አብራሪ ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 1,500 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። ማስታወቂያው «6 ዓመት የሥራ ልምድ» ብቻ ካለ ግን ሰዓቱ ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው አውሮፕላን እንደተበረረና አመልካቹ ካፒቴን ይሁን ረዳት አብራሪ አይታወቅም። የአሜሪካው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ኢንስፔክተር ሲቀጥር ኦፕሬሽንን፣ ጥገናንና አቪዮኒክስን (የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስን) ለያይቶ ያወጣል፤ ባለፉት 5 ዓመታት ከሁለት በላይ የአቪዬሽን ደንብ ጥሰት ያለበትን አመልካችም አይቀበልም። የአመልካቹን የጥሰትና የአደጋ ታሪክ የሚጠይቅ አንድ መስመር በእኛም ማስታወቂያ ቢገባ ወጪ የለውም።

የአውሮፕላን ብቁነት ኢንስፔክተር ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። የጥገና ላይሰንስ ለማግኘት አባሪ 1 የ4 ዓመት ልምድ፣ የጸደቀ ሥልጠና ለጨረሰ ደግሞ 2 ዓመት ይጠይቃል። ላይሰንሱ ግን መነሻ ነው። ዋናው ሰውየው በፊርማው አውሮፕላን ለበረራ ለቆ ያውቃል ወይ የሚለው ነው። ኢንስፔክተሩ ራምፕ (የአውሮፕላን ማቆሚያ) ላይ ቴክኒካል ሎግ ቡክ (የአውሮፕላኑን የብልሽትና የጥገና መዝገብ) ሲገልጥ በይደር የተያዘ ብልሽት ያገኛል እንበል። በኤምኢኤል (አውሮፕላኑ ከነብልሽታቸው ለጊዜው ሊበር የሚችልባቸውን ዕቃዎች በሚዘረዝረው ሰነድ) ምድብ «ቢ» ከሆነ በ3 ቀን፣ ምድብ «ሲ» ከሆነ በ10 ቀን መጠገን አለበት፤ ብልሽቱ የተመዘገበበት ቀን አይቆጠርም። ሥራውን በእጁ ያልሠራ ሰው ቀኑን አሳስቶ ይቆጥራል። ወይ ጊዜው ያለፈበትን ያሳልፋል፣ ወይ ሕጋዊውን አውሮፕላን ከነመንገደኛው ያስቀራል። ቀኑን በትክክል ቆጥሮ ደግሞ ከበረራ በፊት መሠራት የነበረበት የጥገና እርምጃ ተሠርቶ ተፈርሞበት እንደሆነ ሳያይ የሚያልፍ አለ፤ እኛን በጣም የሚያሳስበን ይህኛው ነው።

የኤርፖርት ኢንስፔክተር ሌላ ዓይነት ባለሙያ ነው። ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ለሚመረቁ ሲቪል መሐንዲሶች የቀረበው በርም ይህ ይመስለናል። ትልልቅ አውሮፕላኖች በሚያርፉበት ሜዳ ከመንደርደሪያው ጫፍ ቀጥሎ 60 ሜትር ጥብቅ ሜዳ (በመንደርደሪያው ዙሪያ የሚጠበቅ የተስተካከለ ቦታ)፣ ከእሱም ቀጥሎ ቢያንስ 90 ሜትር የደህንነት ቦታ መኖሩን ለማረጋገጥ፣ በመቃረቢያው መስመር ላይ ያሉ መሰናክሎችንም ለመለካት የአብራሪ ላይሰንስ አያስፈልግም። ሦስቱን ሙያ በአንድ ረድፍ «ሜካኒካል፣ ኤሌክትሪካል፣ ሲቪል ወይም ተዛማጅ» ብሎ መጻፍ ግን ምሩቁን የማይሆነው ቦታ ላይ ያስመዘግበዋል፤ አጣሪውንም በማይመለከቱት ፋይሎች ያጥለቀልቀዋል።

ወደ ማስረጃው እንለፍ። የተለመደው የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሥራ መደብ፣ ከመቼ እስከ መቼና ደመወዝ ይገልጻል። «ቴክኒሻን፣ 9 ዓመት» የሚል ደብዳቤ የያዘ ሰው ከዘጠኙ ዓመት አብዛኛውን በዕቃ ክፍል ያሳለፈ ሊሆን ይችላል፤ ደብዳቤው አይናገርም። ከማስታወቂያው ጋር አሠሪው የሚሞላው የአንድ ገጽ ቅጽ ቢያያዝ ይህ ይቀራል። በቅጹ ላይ የአውሮፕላን ዓይነት፣ የላይሰንስ ቁጥርና ሬቲንግ (ላይሰንሱ የሚፈቅደው የሥራ ዓይነት)፣ ሥራው ላይን ላይ (በበረራዎች መካከል) ነው ወይስ ሃንጋር (የጥገና አዳራሽ) ውስጥ፣ የመልቀቂያ ፊርማ ሥልጣኑ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይሞላ፤ ለአብራሪ ደግሞ በአሠሪው ማኅተም የተረጋገጡ የበረራ ሰዓት መዝገቡ (ሎግ ቡክ) የመጨረሻ ገጾች ይያያዙ። የላይሰንስ መዝገቡ በራሱ በባለሥልጣኑ እጅ ስለሆነ አመልካቹን ማረጋገጫ አምጣ ብሎ ማመላለስ አያስፈልግም። ከግል ድርጅት ለሚመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ ይጠየቃል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሃንጋር የሠራ ልጅ ግን ይህን ከየትም አያመጣም፤ የቅጥር ውሉና የሠራውን ጥገና የመዘገበበት የግል ሎግ ቡኩ ይበቃል ቢባል ጥሩ ነው። ከአየር ኃይል የሚመጣ ቴክኒሻን ልምዱ እንዴት እንደሚያዝለትም ይጻፍ።

ምዝገባው «በ10 ተከታታይ የሥራ ቀናት በአካል» ሲባል ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ለሚነሳ ሰው፣ በተለይ መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ሳምንት፣ እድሉ ገና ከምዝገባው ያመልጠዋል። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ምዝገባው በኢንተርኔት ቢሆን፣ የጽሑፍ ፈተናውም በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክፍል ቢሰጥ የዞኑ ሰው ሁሉ ይደርስበታል።

ፈተናው ደንብ በቃል ማስጠናት ባይሆን እንመርጣለን። ሦስት አራት ስህተት ሆን ተብሎ የገባበት የቴክኒካል ሎግ ቡክ ገጽ ለተፈታኙ ይሰጠውና ያገኘውን ጉድለት ይጻፍ። ትክክለኛ ግኝት ምን እንደታየ፣ የትኛውን የደንብ አንቀጽ እንደሚጥስና ማስረጃው ምን እንደሆነ ይይዛል። «ጥገናው ደካማ ነው» ብሎ የሚጽፍ ኢንስፔክተር ኦፕሬተሩ ምን እንዳስተካከለ መቼም ሊያረጋግጥ አይችልም፤ ክርክር ሲነሳም ባለሥልጣኑ ይሸነፋል።

የተቀጠረ ሰው በማግስቱ የኢንስፔክተር መታወቂያ ይዞ አይወጣም። መግቢያ ሥልጠና፣ የሙያ ኮርስ፣ ከዚያም በሥራ ላይ ሥልጠና አለ፤ መጀመሪያ ያነባል፣ ቀጥሎ ነባር ኢንስፔክተር ሲሠራ ያያል፣ በመጨረሻ እየታየ ይሠራል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (አይካኦ) ኦዲት ሲያደርግ የእያንዳንዱን ኢንስፔክተር የሥልጠና መዝገብ ይጠይቃል፤ ብቁ ባለሙያ መያዝ ከስምንቱ የቁጥጥር መሠረታዊ አካላት አራተኛው ነውና። ሥልጠናው ስንት ወር እንደሚወስድና ምን የግዴታ ውል እንዳለበት አመልካቹ ሳይፈርም ይወቅ። ከአየር መንገድ የመጣ ኢንስፔክተርም የቀድሞ ክፍሉን ለተወሰነ ጊዜ እንዳይመረምር በጽሑፍ ይደንገግ።

ስለ ደመወዝ የምንለው አጭር ነው። የአይካኦ መመሪያ የኢንስፔክተር የሥራ ሁኔታ ከሚቆጣጠረው ኢንዱስትሪ ጋር እንዲቀራረብ ይመክራል። ይህ ካልሆነ ባለሥልጣኑ ያሠለጠነውን ኦፕሬተሩ ይወስደዋል።

የአንድ ገጹን የልምድ ቅጽና የናሙና ፈተናውን ረቂቅ ያለ ክፍያ አዘጋጅተን ለማቅረብ ዝግጁ ነን። ቀጣዩ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት ለሰው ኃይል ክፍልዎ የምናስረክብበትን ቀን እንዲያሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
በአቪዬሽን ሙያ ላይ ያለን የሰሜን ሸዋ ተወላጆች
ደብረ ብርሃን