1985ን ሳይቆርጡ የውጭ ንግድ ግራፍ አይሣል

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የኢትዮጵያን የውጭ ንግድ ከንጉሡ ዘመን እስከ ዛሬ በአንድ መስመር የሚያሳዩ ግራፎች በየጊዜው ይታተማሉ። ለዓይን ያምራሉ፤ 1985 ዓ.ም. ላይ ግን መስመሩ መቆረጥ አለበት።

እስከዚያ ዓመት አሰብና ምጽዋ በሕግ የኢትዮጵያ ወደቦች ነበሩ። ከአስመራ አዲስ አበባ የሚገባ ዕቃ የአገር ውስጥ ንግድ እንጂ ገቢ ዕቃ አይባልም ነበር፤ ኤርትራ ግንቦት ላይ ነፃነቷን ካወጀች በኋላ ያው ዕቃ ድንበር ተሻጋሪ ሆነ። በዚያው በጀት ዓመት መስከረም ላይ ደግሞ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ተመነዘረ። በ1 ሚሊዮን ዶላር የተገዛ ዕቃ በብር ከ2.07 ሚሊዮን ወደ 5 ሚሊዮን ዘለለ፤ አንድ ኪሎ ሳይጨመርበት 142 በመቶ «አደገ»። ስለዚህ የብሩን አኃዝ በየዓመቱ ምንዛሪ ወደ ዶላር መልሱት። ይህም ቢሆን ቀረጥ ለመቀነስ አንደር ኢንቮይስ የተደረገበትን (ደረሰኙ ላይ ዋጋው አሳንሶ የተጻፈበትን) አያስተካክልም።

ከጣሊያን ወረራ በፊት ያለው አኃዝ ጭራሽ ሌላ ነው። ባቡሩ በ1909 ለገሃር ቢደርስም ወደቡ የፈረንሳይ ነበርና ዕቃው ጅቡቲ ላይ በፍራንክ ተመዘገበ። በጋምቤላ የወጣው በሱዳን፣ በዘይላ የወጣው በእንግሊዝ ሶማሌላንድ መዝገብ ገባ። እዚህ ይከፈል የነበረው ጠገራ ብር ዋጋው ከዓለም የብር ማዕድን ገበያ ጋር ይወጣና ይወርድ ነበር። በዚያ ላይ ጅቡቲ የተቆጠረ ቡና የየመኑ ወደብ ኤደን ደርሶ ወደ ሌላ አገር ሲላክ እንደገና ይቆጠር ነበር። የአራቱን መዝገብ አኃዝ እንዲሁ መደመር አይቻልም።

ለዛሬውም ቁጥር ቢሆን የገዢውን አገር መዝገብ አጠገቡ አስቀምጡ። እኛ የላክነውን በኤፍ.ኦ.ቢ. (መርከብ ላይ እስኪጫን ባለው ዋጋ)፣ እነሱ የተቀበሉትን በሲ.አይ.ኤፍ. (ጭነትና መድን ተጨምሮበት) ስለሚጽፉ የእነሱ መብለጡ የባሕር ጭነትና የመድን ነው፤ የእነሱ ሲያንስ ግን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ገዢው ነጋዴ ስዊዘርላንድ ሆኖ ቡናው የሚራገፈው ጀርመን ነው። በጀት ዓመታችንም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ከፈረንጆች ዓመት ጋር የሚገጥመው በወር ሲበተን ብቻ ነው፤ ሰባት ወይም ስምንት መደመር አያዋጣም።

ቀላሉ ፍተሻ ዋጋን በክብደት ማካፈል ነው። ቡና በፈረሱላ 17 ኪሎ፣ በኬሻ 60 ኪሎ፣ በኩንታል 100 ኪሎ ስለሚቆጠር፣ የአንድ ኪሎ ዋጋ ከጎረቤት ወር በመቶ እጥፍ ከራቀ ኩንታሉ በኪሎ ዓምድ ገብቷል።

አንባቢያችሁ፣ ከለገሃር