የሆሮ እንቁላል ቅዳሜ ይደርሳል

ሰላም አባላት፣ ያዘዝነው የሚፈለፈል የሆሮ ዶሮ (የአገራችን የዶሮ ዝርያ) እንቁላል ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ከቢሾፍቱ መገናኛ ይደርሳል። ባለ 30 ትሪና ሰጋቱራ ያለበት ካርቶን ይዛችሁ ኑ። በመኪና ስትሄዱ ጭናችሁ ላይ ያዙት።

ቤት እንደገባ ወዲያው መፈልፈያ ማሽን ውስጥ አትክተቱት፤ አትጠቡትም። ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጋችሁ 24 ሰዓት ይረፍ። መንገድ ላይ ሲናጥ በወፍራም ጫፉ በኩል ያለው የአየር ክፍል ሊላቀቅ ይችላል፣ ሳይረጋ ከተገላበጠ ጽንሱ ሊሞት ይችላል። በባትሪ ስታዩት የአየር ክፍሉ እንደ ውሃ ልክ አረፋ ወዲያ ወዲህ የሚል ካለ ለዩትና የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት አታገላብጡት። ባለ ፋን ማሽን 37.5 ዲግሪ ላይ ይሁን፤ በ18ኛው ቀን ማገላበጥ ቆሞ እርጥበቱ ይጨመር። ተጉዞ ከመጣ እንቁላል ግማሹ ከተፈለፈለ እኔ በበኩሌ ጥሩ ነው እላለሁ።

ስንት እንደምትወስዱ፣ በማሽን ወይስ በታቃፊ ዶሮ እንደምታስፈለፍሉ እስከ ሐሙስ ማታ ጻፉልን። የፈንግል ክትባቱንም በዚያው ቁጥር እናዛለን።