ጣሪያህን ፈልጌ ነው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሙቀቱ እንደምታውቀው ነው።

ሐረርና ድሬ በሚኒባስ የአንድ ጠዋት መንገድ ናቸው፤ እኛ ግን ተጠፋፋን። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን እንተወው። ወሬህን ከሰው እሰማለሁ። ቤት ሠርቶ ጣሪያውን ስላብ አደረገው አሉኝ። እንኳን ደስ ያለህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ይሄ ደብዳቤ ግማሹ ናፍቆት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ስላቡ ነው።

ቴሌስኮፕ ገዝቻለሁ። ሁለተኛ እጅ ነው። መስታወቱ 20 ሳንቲሜትር ስፋት አለው፤ ቱቦው ሲቆም ደረቴ ይደርሳል። ሞተር የለውም። የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀምጦ በእጅ ይገፋል። ከባጃጅ ሳወርደው ጎረቤት ሁሉ ወጣ። «አቦ፣ ይሄ ነገር ይተኩሳል እንዴ?» ያለኝ ሰው፣ ጨረቃን ካሳየሁት ወዲህ እሱ ራሱ ነው እንግዳ እየጠራ የሚያመጣው።

ሌላው ሰው የሳተርንን ቀለበት አይቶ ይበቃዋል። እኔን የያዘኝ አባዜ ሌላ ነው። ሰው ሠርቶ ወደ ጠፈር የላከውን ነገር ከዚህ ሆኖ ፎቶ ማንሳት። በተለይ ዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ።

ልጅ ሆነን ሙቀቱ ሲብስ ግቢ ውስጥ ተኝተን «ሳተላይት! ሳተላይት!» እንል የነበረው ትዝ ይልሃል? ከነዚያ ደማቆቹ ነጥቦች አንዷ እሷ ሳትሆን አትቀርም። የመጀመሪያ ክፍሏ የተወነጨፈው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. ኖቬምበር ወዲህ ሰው ተለይቷት አያውቅም። ከጫፍ ጫፍ 109 ሜትር ናት። ከፍታዋም 400 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ከድሬ አዲስ አበባ በመኪና ከምትሄደው ያንሳል። አናታችን ላይ ስትደርስ በቴሌስኮፕ የምትታይበት መጠን ጁፒተር በጣም ሲቀርበን ከሚታይበት ብዙም አይለይም። ስለዚህ ቅርጿ ይወጣል። ጭንቁ ፍጥነቷ ነው። በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ትሄዳለች።

ሥራው እንዲህ ነው። አስቀድሜ ፎከሱን በጨረቃ ወይም በጁፒተር አስተካክላለሁ። ከዚያ ማስተካከያውን በፕላስተር አሽገዋለሁ፤ ጣት ነክቶ ካዛባው ያ ማለፊያ ሄደ ማለት ነው። ሳጥኑ የሚዞርበትን ወለል ሻማ አሽቼበታለሁ፤ ካለዚያ እየያዘ ይለቃል፣ ምስሉም ይዘላል። ካሜራው ቪዲዮ ይቀዳል። እያንዳንዱ ፍሬም የሰከንድ አንድ ሺሕኛ ብቻ ነው፤ ከዚያ ከረዘመ ይደበዝዛል። የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ «ገባች! ወጣች!» ይለኛል። እኔ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በሌላው በማነጣጠሪያዋ ትንሽ መነጽር መስቀሉ መሃል ላይ ላስቀምጣት እታገላለሁ። ከአድማስ ስትነሳ ቀስ ትላለች። ከፍ ስትል ትሮጣለች። እንዲህ ዓይነቱ ቴሌስኮፕ ደግሞ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲያይ ወደ ጎን ማዞሩ መከራ ነው። ስለዚህ አናቴን ሰንጥቃ የምታልፍበትን ሳይሆን፣ ትንሽ ዝቅ ብላ 60 ወይም 70 ዲግሪ ላይ የምታልፍበትን ምሽት እመርጣለሁ።

ከቪዲዮው አብዛኛው ባዶ ጥቁር ሰማይ ነው። እሷ ከገባችባቸው ፍሬሞች ውስጥ ደግሞ አየሩ ያልበጠበጣቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እነሱን ስታገኝ ግን! ግማሹ የተደመሰሰ «ዘ» ፊደል ትመስላለች። ግራና ቀኝ ቡናማ ወደ ብርቱካን የሚያደላ፣ እነሱ ሶላር ፓነሎቹ ናቸው። መሃል ላይ ነጭ ነገር አለ፤ ሙቀት ማስወጫዎቹና ሰዎቹ የሚኖሩባቸው ክፍሎች። ሰዎቹማ አይታዩም። የኔ መስታወት አየሩ ፍጹም ሆኖ እንኳ ከአንድ ሜትር በታች የሆነን ነገር ከዚያ ርቀት አይለይም።

የድሬ አየር ግን ፍጹም ሆኖ አያውቅም። ስላቡ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይተፋዋል፤ ምስሉም ይርገበገባል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ይሻላል፤ ሲሚንቶው በርዶ ይጠብቀኛል። ለማንኛውም ምርጫው ሁለት ነው፦ ከመሸ ብዙም ሳይቆይ ወይም ሊነጋጋ ሲል። እኛ ጨለማ ውስጥ፣ እሷ ፀሐይ ላይ መሆን አለባት። እኩለ ሌሊት ላይ ብታልፍም የምድር ጥላ ውስጥ ስለሆነች አትታይም። ይህቺን ነጥብ ያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በአንድ ነገር ግን ከፈረንጆቹ እንበልጣለን። ጠፈር ላይ ሆኖ ምድርን የሚዞረው ሀብል ቴሌስኮፕ ከምድር ወገብ በሰሜንም በደቡብም ከ28 ዲግሪ ተኩል አያልፍም። ለንደን ላለ ሰው ከአድማስ ብቅ እንኳ አይልም። እኛ ግን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆንን አናታችን ላይ ይመጣልናል። ርዝመቱ 13 ሜትር ግድም ብቻ ነው፤ ከፍታውም ይበልጣል። ፎቶዬ ላይ አጭር ብሩህ ጭረት ነው። ለኔ ይበቃኛል። «የኛዋንስ?» የሚሉኝ አሉ፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የተወነጨፈችውን ኢቲአርኤስኤስ-1ን ማለታቸው ነው። 70 ኪሎ የምትመዝን ሳተላይት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ሆና በኔ መሣሪያ ከነጥብ አታልፍም። ያንን ስነግራቸው ይከፋቸዋል።

ፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌሮቹን በተመለከተ እኔ ቆጣቢ ነኝ። ፍሬሞችን ደራርበህ ስታጠራቸው ምስሉ ያምራል። ትንሽ ስታበዛው ግን የሌለ መስመር፣ የሌለ አንቴና ይፈጥርልሃል። እሷም እየተጓዘች ስለሆነ የምናይበት ጎን በሰከንዶች ውስጥ ይለወጣል፤ ብዙ መደራረቡ በራሱ ያበላሻል። ስለዚህ ተከታትለው በመጡ ፍሬሞች ላይ ደጋግሞ ያልታየኝን ነገር አላምነውም። ፎቶዬ ደብዛዛ ነው ይሉኛል። ይሁን።

አሁን ወደ ስላብህ። ፈረንሳዊው ቲየሪ ለጎ በ2009 እ.ኤ.አ. አትላንቲስ መንኮራኩርና ሀብል አንድ ላይ በፀሐይ ፊት ሲያልፉ አንስቷል። ያንን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ፀሐይን ለማንሳት በቴሌስኮፑ አፍ ላይ የሚገጠም ልዩ ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ ካለዚያ ዓይን ይጠፋል። እሱ የለኝም። ጨረቃ ግን ነፃ ናት። ጣቢያዋ የምድር ጥላ ውስጥ ሆና በሙሉ ጨረቃ ፊት ስታልፍ፣ ያቺ አትታይም ያልኩህ ጥቁር ቅርጿ ጨረቃዋ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግማሽ ሰከንድ ግድም ነው፤ ዓይንህን ከጨፈንክ አለቀ። መግፋትም የለም፤ ጨረቃን ይዞ ካሜራውን መክፈት ብቻ።

ችግሩ ይሄ ነገር የሚታይበት መስመር ጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ብቻ ያለው መሆኑ ነው። እኔና አንተ በአየር 40 ኪሎ ሜትር ግድም እንራራቃለን። በሚቀጥለው ሙሉ ጨረቃ መስመሩ ሐረርን ያቋርጣል፤ ድሬን አይነካም። ገባህ አይደል?

ቁርጡ ግን ገና ነው። አንዳንዴ ሞተር አስነስተው ከፍታዋን ያስተካክላሉ፤ የላይኛው ስስ አየርም ይጎትታታል። ስለዚህ ከሳምንት በፊት የተሰላ አይታመንም። ሁለት ቀን ሲቀረው እደውልልሃለሁ። መስመሩ ወደ ሐረማያ ከሸሸ ሜዳ ላይ እንዘረጋለን፤ ጅቡን የማባረር ሥራ ያንተ ነው፣ የሐረር ሰው አይደለህ? ናሳ ጣቢያዋን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. አሠርቶ ወደ ውቅያኖስ ሊያወርዳት ስላቀደ፣ «ሌላ ጊዜ» የምትለዋን አትንገረኝ።

ሰዓቱ ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ጨረቃዋ በምሥራቅ በኩል ትሆናለች። ሮቶው ስላቡ ላይ በየት በኩል እንደተቀመጠ ንገረኝ። ደረጃው ጠባብ ከሆነም ንገረኝ፤ ሳጥኑን ፈትቼ አመጣዋለሁ። እናትህን ሳምልኝ። ከድሬ ሙሸበክ ይዤላቸው እመጣለሁ በላቸው።

ወዳጅህ