ይድረስ ለሚጡዬ፣ አዳማ

ሚጡዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽ ጉልበቷን ከማመሟ በቀር እኛ ደህና ነን።

የላክሽልኝን የአራተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፍ ረቂቅ በስልኬ እያጎላሁ አነበብኩት። ዓይኔ እስኪያለቅስ። አኩርተሽኛል። ግን ገጽ 31 ላይ ቆምኩ። «ውኃ በብርጭቆ ቀድታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ» ይላል። የማን ፍሪጅ ውስጥ?

ሆቴል ተቀምጠን በአሥራ አምስት ቀን ጨረስነው ስትዪኝ ነገሩ ገባኝ። ልጁን ሳታዪ አትጻፊ።

የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናውን ፒያዤን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የአሥር ዓመት ልጅ የሚያስበው በሚያየውና በሚዳስሰው ነገር ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ውጭ ያደረ ባልዲ ላይ ስስ በረዶ ይሠራል። አያትሽ በጣቷ ሰብራው ነበር ፊቷን የምትታጠበው። የኛ ልጅ ይሄን ያውቃል። የአፋር ልጅ ደግሞ ውኃው ሲተን የሚቀረውን ጨው ያውቃል። ፍሪጅ ምን አመጣው?

አባባ የሴክተር ሪቪውን፣ ያን በንጉሡ ዘመን የወጣውን የትምህርት ዕቅድ፣ ነገር ሲያነሳ ትዝ ይልሻል? ያኔ እኔ ራሴ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ባለሙያዎቹ፣ የውጭ አገር ሰዎችም ነበሩበት፣ አብዛኛው ልጅ አራት ዓመት ተምሮ ወደ ሥራ ይግባ አሉ። ወረቀቱ ላይ ምክንያት አላጣም፤ ገንዘቡ አይበቃም፣ ለተማረውም ሥራ የለም። አባባ የሰማው ግን «የድሃ ልጅ እዚህ ይብቃው» የሚል ነው። ልጄ ምን ይሁን ብሎ የጠየቀው የለማ! የካቲት 1966 መምህራኑ ሥራ አቆሙ፣ ዕቅዱም ተንጠልጥሎ ቀረ። እናንተም ልጁን ሳታዩ አትጻፉ።

መቼም እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በ1997 ፕላዝማ፣ በቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት፣ ሲገባ ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ የመጣ ነው። ለእኔ የቀረችኝ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነች። አንድ ቀን ነጠላዋን ተከናንባ የምትመጣ ልጅ እጇን አወጣች። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ይንደቀደቃል፣ አይቆም ነገር። «አውርጂው፣ ያመልጥሻል» አልኳት። አወረደችው። ዓመቱን ሙሉ ያቺን እጅ ደግሜ አላየኋትም። ከክፍል ስትወጣ ጠርቼ ምን ነበር ብላት ምን ነበረበት? አላልኳትም። ይሄን ለእናትሽ እንኳ ነግሬያት አላውቅም፣ አንቺም እንዳትነግሪያት።

በይ፣ ወርክሾፑ እንዳለቀ ቀጥታ ወደዚህ ነይ። ከቤታችን ጀርባ ያለው ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍሉን አስተማሪ አነጋግሬልሻለሁ። ሁለት ቀን ከኋላ ትቀመጫለሽ። አትናገሪ፣ ልጆቹን ብቻ እያቸው። ውሎ አበልሽን እዚያ ጨርሰሽ እንዳትመጪ፣ የእናትሽን መድኃኒት ግዢበት። ብርዱ ጀምሯል፣ ሹራብ ያዢ። ገጽ 31ንም ይዘሽ ነይ።

አባትሽ