ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ላኩልን

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

«ውጭ አገር ያየነው የመኪና ዋጋ እዚህ ሲደርስ ለምን እጥፍ ሊሆን ይቀርባል?» የሚል ጥያቄ ይበዛብናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛን የሚያሳስበን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወረድ ብለን እንነግራችኋለን።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንይ። በአብዛኞቹ አገሮች ቀረጥ የሚሰላው የማጓጓዣና የመድን ወጪ በተደመረበት ዋጋ ላይ ነው። መኪናው 100፣ ማጓጓዣና መድኑ 20 ቢሆን ቀረጡ ከ120 ላይ ይነሳል። ቀረጡን 30 በመቶ ብንለው 156 ይደርሳል። በዚህ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲመጣ 179.40 ሆነ። ታክሱ በቀረጡም ላይ እንደተሰላ ልብ በሉ። ኤክሳይስ ታክስ ካለ ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

መኪናው የሚመደብበት ክፍልም ለውጥ ያመጣል። አሜሪካ ከውጭ በሚገባ የተሳፋሪ መኪና ላይ ለረጅም ዓመታት የምታስከፍለው 2.5 በመቶ ብቻ ነበር። ፒክአፕ ላይ ግን መደበኛው ቀረጥ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 25 በመቶ ነው። መነሻው ምን መሰላችሁ? አውሮፓ በአሜሪካ ዶሮ ላይ ለጣለችው ቀረጥ የተሰጠ አጸፋ! ዶሮው ተረስቷል፤ ቀረጡ ግን አለ።

«ኢንቮይሱ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርጉልን» የምትሉን አላችሁ። አናደርገውም። ጉምሩክ ከተጠራጠረ ዋጋውን ራሱ ይተምናል፤ ቅጣቱም የሚያርፈው እናንተው ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቀረጥ ቢከብድም ተከፍሎ ያልቃል። የደህንነት መስፈርት ያላሟላ መኪና ግን ገንዘብ ስለተከፈለበት ብቻ አያልፍም። አዲስ ወይም ውድ መሆኑም አያድነውም። አሜሪካ ውስጥ አምራቹ ራሱ «መስፈርቱን አሟልቻለሁ» ብሎ ያረጋግጣል። አውሮፓ ውስጥ ግን ሞዴሉ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የመንግሥት አካል ማጽደቅ አለበት። ስለዚህ አንዱ ጋ ሕጋዊ የሆነ መኪና ሌላው ጋ ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ የኋላ ፍሬቻ አሜሪካ ውስጥ ቀይ ቢሆን ችግር የለውም፤ አውሮፓ ግን ብርቱካናማ ካልሆነ አይሆንም። ፍሬቻ እንኳን ይቀየራል። የአደጋ ፍተሻ ያላለፈ የመኪና አካል ግን በምን ይቀየራል?

ዕድሜም እንደየአገሩ ነው። ኬንያ ከ8 ዓመት በላይ የሆነውን አታስገባም። አሜሪካ ደግሞ በተቃራኒው 25 ዓመት የሞላውን ከፌዴራል የደህንነት መስፈርት ነፃ ታደርገዋለች።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን፣ የተመረተበትን ዓመት፣ የበሩ ማቀፊያ ላይ ያለውን የአምራች መለያ ፎቶና የፊት መብራቱን ፎቶ ላኩልን። መብራቱ ላይ በክብ ውስጥ የተጻፈ የላቲን «ኢ» ፊደልና ቁጥር ካለ፣ መብራቱ በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ጸድቋል ማለት ነው። የመብራቱን ብቻ እንጂ የመላ መኪናውን አያረጋግጥም። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች የሻንሲ ቁጥራቸው ከተለመደው 17 ፊደልና አኃዝ ያጥራል፤ አትደንግጡ፣ ያንንም እናጣራዋለን።

መኪናው መርከብ ላይ ከተጫነ በኋላ ብትደውሉልን ልንረዳችሁ የምንችለው በጣም ጥቂት ነው።

ከሰላምታ ጋር
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል